138 ወንበርና አንድ ሐይቅ

በባሕር ዳር ከተማ በተካሄደ የሕዝብ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ ሰዓት ሥራችሁን አስቀምጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ አንድ ክልል በፌዴራል ሥርዓት ውስጥ ስለሚኖረው የፖለቲካ ተሰሚነት ነው። እዚህ ባሕር ዳር ላይ ተቀምጦ ይህን ርእስ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስሎ ማቅረብ ስለማይቻል በቀጥታ ወደ ራሳችን እገባለሁ። የአማራ ክልል በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 138 ወንበር አለው። ከ547ቱ ሩብ ያህሉ ማለት ነው፤ ከኦሮሚያ 178 በስተቀር የሚበልጠው የለም። ይሁንና ባጃጅ ብትሳፈሩ፣ ለቅሶ ቤት ብትቀመጡ፣ ጎረቤት ለቡና ብትጠሩ የምትሰሙት አንድ ነው፦ «የሚሰማን የለም»። የምክር ቤቱን ሩብ የያዘ ሕዝብ የሚሰማኝ የለም ካለ ወይ ሕዝቡ ተሳስቷል፣ ወይ ተሰሚነት የሚገኘው ከወንበሩ ሌላ ቦታ ነው። እኔ ሕዝቡ አልተሳሳተም ባይ ነኝ።

በመጀመሪያ ስለ ወንበሩ ጥቂት ልበል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት ከ550 እንዳይበልጡ፣ ከእነዚህም ውስጥ አናሳ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 ወንበር እንዲኖራቸው ይላል። የምርጫ ክልሎች ወሰን ደግሞ በሕዝብ ቆጠራ ውጤት ላይ ተመሥርቶ እንዲወሰን አንቀጽ 103 ያዛል፤ ቆጠራውም በየ10 ዓመቱ መካሄድ አለበት። የተቆጠርነው በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ አልተቆጠርንም፤ አራተኛው ቆጠራ ተደጋግሞ ተራዝሟል። ስለዚህ 138 የምንለው ቁጥር አገሩ ሁሉ ሲለዋወጥ ባለበት የቆመ ቁጥር ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የክልላችን ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ተብሎ ሲወጣ ቀደም ሲል ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ ያነሰ ነበር። ተወካዮቻችን በምክር ቤት ጥያቄ አነሡ፣ ማብራሪያ ተሰጣቸው፣ ቁጥሩም እንዳለ ቀረ። ይህን የማነሣው ቁስል ለመቀስቀስ ብዬ አይደለም። የሰው ቁጥር ከወንበር አልፎ የክልሎች የበጀት ድጎማ ከሚሰላባቸው ነገሮች ዋነኛው ስለሆነ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ወንበሩ ሥራ ላይ ሲውል እንየው። በእኛ ሥርዓት መንግሥት የሚመሠርተው በተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ ወንበር ያገኘ ፓርቲ ወይም ጣምራ ፓርቲዎች ነው። ስለዚህ ዋናው ክርክር የሚያልቀው ጉዳዩ ምክር ቤት ከመድረሱ በፊት፣ ፓርቲው ቤት ውስጥ ነው። አገሪቱን ይመራ በነበረው ግንባር፣ በኢሕአዴግ ዘመን፣ አራቱ አባል ድርጅቶች፣ የትግራዩ ሕወሓት፣ የእኛው ብአዴን፣ የኦሮሚያው ኦሕዴድና የደቡቡ ደኢሕዴን፣ በግንባሩ ምክር ቤት እያንዳንዳቸው 45፣ በሥራ አስፈጻሚው ደግሞ እያንዳንዳቸው 9 ሰው ነበራቸው። ልብ በሉ፤ በተወካዮች ምክር ቤት ኦሮሚያ 178፣ አማራ 138፣ ደቡብ 123፣ ትግራይ 38 ነበር። ግንባሩ ቤት ሲገባ ግን ሁሉም 45 ነው። ሶማሌ፣ አፋር፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ ጋምቤላና ሐረሪ ደግሞ ድርጅቶቻቸው «አጋር» ተብለው ደጅ ቆሙ። የሶማሌ ክልል 23 ወንበር ነበረው፤ የግንባሩ ሊቀመንበር፣ ማለትም የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በሚመረጥበት ክፍል ውስጥ ግን አንድ ድምፅ አልነበረውም። እኛ ስለ ራሳችን ስናማርር ጅግጅጋ፣ ሰመራ፣ አሶሳና ጋምቤላ ተቀምጦ ይህን ያየ ሰው ምን ይል እንደነበር መጠየቅ የለመድን አይመስለኝም። መጠየቅ ነበረብን።

እኩል 45 መሆናችንም ቢሆን እኩል መደመጥን አላመጣም፤ ይህን እዚህ ያላችሁ ታላላቆቼ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አባላቱ እጃቸውን የሚያወጡት ከላይ እንደተወሰነው ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል አገሩ። የእኛ ተወካዮች ሹመቱን ይዘው ዝም ያሉበት ዘመን ረጅም ነበር።

ታዲያ ይህ ክልል ከምር የተደመጠበት ጊዜ አልነበረም? ነበር። ያውም የተጀመረው እዚሁ፣ ጣና ላይ ነው።

ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የተነሡ ከ200 የሚበልጡ ወጣቶች «ጣና ኬኛ»፣ ጣና የእኛ ነው ብለው እንቦጭ የሚባለውን የውሃ አረም ሊነቅሉ መጡ። እንቦጭ ጣና ላይ ከታየ ያን ጊዜ ብዙ ዓመት አልፎታል፤ ጉዳዩ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ነቅሎ የማያውቅ ሰው ሥራው ቀላል ይመስለዋል። ውሃው እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ከሥር ጭቃው እግር ይይዛል። ተክሉ አንገቱ ላይ አየር የቋጠረ እብጠት አለው፤ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ሥሩ ረጅምና የተንዠረገገ ስለሆነ አንዱን ስትስቡት ጎረቤቱ አብሮ ይመጣል፤ ውሃ አዝሏልና ይከብዳል። ተነቅሎ ዳር ካልወጣ፣ ወጥቶም ደርቆ ካልተቃጠለ ተመልሶ ያብባል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የደንቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ገበሬ ይህን ሥራ ከእርሻው ቀን እየቀነሰ፣ ቆዳው እያሳከከው፣ ያለ ጓንትና ያለ ቦት ጫማ ሠርቶታል። ታንኳው መሄጃ አጥቷል፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ርቋል፤ ባሕር ሸሽ መሬቱን፣ ውሃው ሲሸሽ የሚያርሰውን፣ አረሙ ቀድሞ ይዞበታል። እነዚያ ልጆች መጥተው ከዚያ ገበሬ ጎን ውሃ ውስጥ ሲቆሙ የፖለቲካ ስብሰባ አልተጠራም፣ አቋም መግለጫ አልወጣም። ግን ብዙም ሳይቆይ በወቅቱ የኦሮሚያ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ለማ መገርሳ ብዙ ሰው አስከትለው ባሕር ዳር ገቡ፤ የክልላችን ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ገዱ አንዳርጋቸው ተቀበሏቸው። አዳራሹ ውስጥ ስለተነገረው ንግግር ብዙ ተብሏል። እኔ ግን የማየው ሒሳቡን ነው። የኦሕዴድ 45 እና የብአዴን 45 ሲደመር 90 ነው፤ የግንባሩ ምክር ቤት ግማሽ።

መጋቢት 2010 ዓ.ም. የብአዴን ሊቀመንበር አቶ ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከግንባሩ የሊቀመንበርነት ውድድር አገለሉ፤ የኦሕዴዱ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ 108 ድምፅ አግኝተው የግንባሩ ሊቀመንበር ሆኑ። ድምፁ ምስጢራዊ ቢሆንም ሁለቱ ድርጅቶች ባይግባቡ ኖሮ ያ ውጤት ይመጣ ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው አላጋጠመኝም። 138ቱ ወንበር ለሃያ ዓመት ያላደረገውን ከጎረቤት ጋር መግባባት በጥቂት ወራት አደረገው።

እዚህ ላይ ግን ልቤን የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፤ ሳልናገረው አላልፍም። የዚያ መግባባት ይዘት ለሕዝብ በጽሑፍ አልቀረበም። ማን ወደ ላይ እንደሚወጣ ተስማማን። ወደ ላይ ሲወጣ ስለ ቆጠራው፣ ስለ ድጎማው፣ ስለ ወሰን፣ ስለ አዲስ አበባ፣ ስለ ጣና ምን እንደሚደረግ ግን አንድ ገጽ ወረቀት ላይ አላሰፈርንም፤ እነሱም የእነሱን አላሰፈሩም። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት፣ አጋር የነበሩትም ድርጅቶች አባል ሲሆኑ፣ ያ የ90 ድምፅ ሒሳብ ራሱ አበቃ። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የተከተለውን መከራ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወረቀት ቢኖር ኖሮ መከራው አይመጣም ነበር አልልም። ቢያንስ ግን እያንዳንዳችን ምን ቃል ተገብቶልን ምን እንደቀረብን እናውቅ ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ምክር ቤት ልውሰዳችሁ፤ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት። የተወካዮች ምክር ቤት ሲሰበሰብ ቴሌቪዥን ከፍተን እናያለን። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይሰበሰባል ይላል ሕጉ፤ መቼ እንደተሰበሰበ የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው እሱ ነው። በክልሎች መካከል የወሰን ክርክር ሲነሣና ባለጉዳዮቹ መስማማት ሲያቅታቸው የሚወስነው እሱ ነው። የፌዴራልና የክልል የጋራ የሆኑ ገቢዎች እንዴት እንደሚከፋፈሉ፣ ፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በምን ቀመር እንደሚሰላ የሚወስነውም እሱ ነው። የዚህ ክልል መምህርና ነርስ ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የገጠሩ መንገድ አብዛኛው ገንዘብ የሚመጣው በዚያ ቀመር በኩል ነው። ቀመሩ በጥቅሉ ሲታይ የክልሉን የወጪ ፍላጎት በአንድ በኩል፣ ራሱ ሊሰበስብ የሚችለውን ገቢ በሌላ በኩል አስቀምጦ ጉድለቱን ለመሙላት የሚሞክር ነው። ፍላጎቱ ሲሰላ ስንት ተማሪ፣ ስንት ታካሚ፣ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ የሚሉ ቁጥሮች ይገባሉ። እንግዲህ ከእነዚያ ቁጥሮች አንዷ ብትዛባ ኪሳራው በየዓመቱ ይደጋገማል። ሰልፍ ወጥተን የማናስመልሰውን ገንዘብ አንድ ቁጥር የሚያውቅ ባለሙያ በትክክለኛው ሰዓት ተገኝቶ ሊያስመልሰው ይችላል።

በዚያ ምክር ቤት ማን ወክሎን እንደሚቀመጥ ግን አናውቅም። በአንቀጽ 61 መሠረት እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ፣ ለተጨማሪ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ተወካይ ይኖረዋል። ከእኛ ክልል አማራ ብቻ ሳይሆን የአገውና የአርጎባ ሕዝብም ተወካይ አላቸው። ተወካዮቹን የክልሉ ምክር ቤት ራሱ ይመርጣል፤ ከፈለገ ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጣቸው ሊያደርግ ይችላል። ሁለተኛው መንገድ እስካሁን በየትኛውም ክልል ተሞክሮ አያውቅም። ይህን ለማድረግ የማንንም ፈቃድ መለመን፣ ሕገ መንግሥት ማሻሻልም አያስፈልግም፤ የክልላችን ምክር ቤት እዚሁ ከተማ ተሰብስቦ ሊወስነው የሚችለው ነው። እኔ ቢደረግ እወዳለሁ። ለአምስት ዓመት ደሞዝተኛ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ሳይሆን ስለ ቀመሩ ሰው ፊት ቆሞ የተከራከረ ሰው ይሂድልን።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ልብ ያላለው። ሕገ መንግሥት ማሻሻል ሲፈለግ ክልሎች የሚቆጠሩት በሕዝብ ብዛት ሳይሆን በምክር ቤት ነው፤ አንድ ክልል አንድ ድምፅ። ስለ መብቶች የሚናገረውን ምዕራፍ ሦስት ለመቀየር የሁሉም ክልሎች ምክር ቤት መስማማት አለበት። ሌላውን ለመቀየር ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከክልል ምክር ቤቶች ደግሞ ሁለት ሦስተኛው መደገፍ አለባቸው። ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ክልሎቹ 9 ነበሩ። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ተደራጁና ዛሬ 12 ሆነዋል። ድሮ ስድስት ክልል ያስፈልግ ከነበረ ዛሬ ስምንት ያስፈልጋል። የእኛ ድምፅ ከ9 አንዱ ነበር፤ ዛሬ ከ12 አንዱ ነው። ስለ ሕገ መንግሥት መሻሻል እዚህ ከተማ ውስጥ የሚነገረውን ያህል ወደ አዲሶቹ ክልሎች ከተሞች፣ ሐዋሳ፣ ቦንጋ፣ ሆሳዕና እና ወላይታ ሶዶ ሄዶ የተነጋገረ የእኛ ሰው ስንት ነው? እኔ የማውቀው በጣም ጥቂት ነው። ያለ እነሱ ግን አንዲት ነጠላ ሰረዝ አትቀየርም።

ብዛት ብቻውን እንደማያደርስ ሌላ አገር ሄደን እንየው። ፓኪስታን ከእኛ ጋር የሚያመሳስላት ነገር አለ፤ ፌዴሬሽን ናት፣ ሕይወቷም በወንዝ ላይ የቆመ ነው። ፑንጃብ የሚባለው ክፍለ ግዛት ከአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ በላይ ይዟል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ያለው ፑንጃብ በኢንደስ ወንዝ ላይ ካላባግ የሚባል ግድብ እንዲሠራ ለአሥርት ዓመታት ሲጠይቅ ኖሯል። ከታች ያለው ሲንድ ውሃው ይቀንስብኛል አለ። ከላይ ያለው፣ ዛሬ ኻይበር ፓኽቱንኽዋ የሚባለው፣ ለም መሬቴና ከተማዬ ይጥለቀለቅብኛል አለ። ባሎቺስታን ከእነሱ ጋር ቆመ። የሦስቱም ምክር ቤቶች የተቃውሞ ውሳኔ አሳለፉ፤ ወታደራዊ መሪ የነበሩት ሙሻራፍ እንኳ ሊያሠሩት ሞክረው አልሆነላቸውም። ካላባግ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

በዚያው አገር ተቃራኒውንም እናገኛለን። ታርቤላ የሚባለው ትልቅ ግድብ ያለው በዚሁ በሰሜን ምዕራቡ ክፍለ ግዛት ነው። ሕዝቡ ከፑንጃብ በጣም ያነሰ ነው። ነገር ግን እ.አ.አ. በ1973 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ሲጻፍ በአንቀጽ 161 ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ገባ፦ ፌዴራል መንግሥት ከውሃ ኃይል ማመንጫ የሚያገኘው የተጣራ ትርፍ ማመንጫው ላለበት ክፍለ ግዛት ይከፈላል። ዓረፍተ ነገሩ ቢጻፍም ክፍያው የተጀመረው ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ፣ እ.አ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ያውም ለረጅም ጊዜ በዓመት 6 ቢሊዮን ሩፒ ላይ ተገድቦ ቆይቷል። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ግን የሚከራከሩበት ዓረፍተ ነገር አላቸው። ሕንድም ውስጥ የማዕከላዊ መንግሥቱ ግድብ የሚሠራበት ግዛት ከሚመነጨው ኃይል 12 በመቶውን በነፃ ያገኛል። ናይጄሪያ ደግሞ ከነዳጅ ገቢ ቢያንስ 13 በመቶው ነዳጁ ለወጣበት ግዛት እንዲሄድ በሕገ መንግሥቷ ደንግጋለች።

ይህን ይዘን ወደ ጣና እንመለስ። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ፣ ወይም ከአገር ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችና ሐይቆች አጠቃቀም የሚወሰነው በፌዴራል መንግሥት ነው፤ አንቀጽ 51። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሱዳን ይገባልና ጣናም በዚያ ሥር ይወድቃል። በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ አገር የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ከሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ውሃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ ውሃውም በለስ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ይወርዳል። ኃይሉ ወደ ብሔራዊው መረብ ይገባል፤ የአዲስ አበባም የድሬዳዋም መብራት ነው። ገቢው ግን የፌዴራል ድርጅት ገቢ ነው፤ ከፌዴራል ድርጅት የሚሰበሰበው ግብርም በአንቀጽ 96 የፌዴራል ነው። ሕገ መንግሥቱ የጋራ ገቢ ብሎ በአንቀጽ 98 ከዘረዘራቸው መካከል ከፍተኛ የማዕድን ሥራ፣ ነዳጅና ጋዝ አሉ። ወርቅ የሚወጣበት ክልል ድርሻ አለው ማለት ነው። ውሃ የሚወጣበት ክልል በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

በሌላ በኩል ሐይቁን የሚጠብቀው ማን ነው? የርብና የጉማራ ተፋሰስ ገበሬ በየዓመቱ በበጋ ወጥቶ በነፃ ጉልበቱ እርከን ይሠራል። እርከኑ ባይኖር አፈሩ ጣና ውስጥ ይገባል፤ ሐይቁ ይደለላል። እንቦጩን የሚነቅለው እሱ ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴው በብዙ ወራት ሲሳሳ የአስጎብኚነት ገቢው የቀረበት ወጣት እሱም የዚሁ ዳርቻ ልጅ ነው። ጥቅሙ የአገር፣ ድካሙ የሰፈር ሆኗል። ታዲያ የኃይል ማመንጫ ያለበት አካባቢ ከሽያጩ የተወሰነ መቶኛ ለተፋሰስ ጥበቃ ይመለስለት ብሎ መጠየቅ ከአገር መንጠቅ አይደለም። ሐይቁ ከደረቀ ማመንጫውም ይቆማል።

ይህን ጥያቄ ለብቻችን ካነሣነው ግን «አማራ ክልል ደግሞ ይህን አለ» ተብሎ በአንድ ቀን ይዘጋል። ጥያቄው የስንት ክልል እንደሆነ ቁጠሩልኝ። ሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋ ዋት የቆመው ቤንሻንጉል ጉሙዝ ላይ ነው። ጊቤ ሦስት፣ 1,870 ሜጋ ዋት፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል ነው፤ ዛሬ ሁለት ክልሎች ናቸው። ፊንጫና መልካ ዋከና ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። ተከዜ እኛና ትግራይ የምንጋራው ወንዝ ነው። ስድስት ክልል ተቆጠረ፤ ከ12ቱ ግማሽ። በቋንቋ የማይገናኙ፣ በሃይማኖት የተለያዩ፣ አንዳንዶቹም በቅርቡ ደም የተቃቡ ናቸው፤ በዚህ ጥያቄ ላይ ግን ጥቅማቸው አንድ ነው። ፌዴሬሽን ውስጥ ተሰሚነት የሚባለው ለእኔ ይህ ነው፦ የራስን ጥያቄ የሌላውም ጥያቄ እስኪሆን ድረስ ሠርቶ መቅረብ።

ከውስጥ ስላለብን ችግርም ሳልናገር አልወርድም። ይህ ክልል እንደ አንድ የፖለቲካ አካል ወጣት ነው። በ1984 ዓ.ም. ክልል 3 ተብሎ እስኪደራጅ ድረስ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎና ሸዋ የየራሳቸው አስተዳደርና የየራሳቸው ኩራት ነበራቸው፤ ባሕር ዳርም የጎጃም ዋና ከተማ አልነበረችም። ስለዚህ በአንድ ድምፅ የመናገር ልማዳችን ገና አልጠናም። አንዱ ቢሮ ሹመት ሲሰጥ «ከየት ነው?» የሚለው ጥያቄ «ምን ያውቃል?» ከሚለው የሚቀድምበት ጊዜ ብዙ ነው። በሌላ በኩል አሻፈረኝ ብሎ የመደመጥ ልማዳችን የጠና ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣ በአውሮፕላን ተደብድቧል፤ ብዙ ሰው ሞቷል። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ። ያን ጊዜ ሌላ በር አልነበረውም፤ ምክር ቤት ቢኖርም የባለርስቱና የባለሥልጣኑ ነበር። ገበሬው የተደመጠው በሬሳ ላይ ተራምዶ ነው። እንዲህ ያለ መደመጥ ልጅ ልጆቻችን ዘንድ እንዲደርስ አልፈልግም።

ንግግሬን ስጨርስ አንዲት ወጣት እጇን አውጥታ የጠየቀችኝን እዚህ ማስፈር አለብኝ። «መምህር፣ የእኔ እናት ያለችበት ወረዳ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ መንገዱም አያስኬድም። ጠመንጃ በሚናገርበት ሰዓት ስለ ቀመርና ስለ አንቀጽ ማውራት ምን ይጠቅማታል?» አለችኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ጥያቄዋ የሁላችንም ነበርና።

ያልኳት ይህን ነው። እኅቴ፣ ዛሬ ማታ ለእናትሽ የሚጠቅማት ተኩስ መቆሙ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የሚቀድም ምንም ነገር የለም፤ እኔም ሌላ ይቀድማል አላልኩም። ነገር ግን ተኩስ የሚቆመው በንግግር ከሆነ በንግግሩ ጠረጴዛ ላይ ይህ ሕዝብ ምን ይዞ ይቀርባል? ወንድሞቻችን የሞቱበት ጉዳይ ምን እንደሆነ ስንጠየቅ ስሜታችንን ብቻ ተናግረን እንዳንመለስ እፈራለሁ። በ2010 ያለ ወረቀት ተስማምተን አይተነዋል። ደግሞም ጦርነቱ በየቀኑ ተሰሚነታችንን እየበላው ነው። ተወካይ መራጩ ዘንድ መድረስ ያልቻለበት፣ ተማሪው ያልተመዘገበበት፣ ታካሚው ያልተቆጠረበት ዓመት በቀመሩ ውስጥ ተማሪና ታካሚ እንደሌለን ሆኖ እንዳይገባ የሚከታተል ሰው ያስፈልገናል። ያ ሰው ከሌለ እናትሽ ሁለት ጊዜ ትጎዳለች።

ሌላ አባት ደግሞ «ሁሉንም ብለሃል፤ ማን ይጻፈው?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ነው፤ ውሃውን የሚያጠና፣ ሕግ የሚያስተምር፣ ኢኮኖሚ የሚያሰላ መምህር አለው። ከእነሱ ሦስት አራት ሰው፣ ከክልሉ ምክር ቤት በጀትን የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ከደንቢያና ከፎገራ እንቦጭ የነቀሉ ሁለት ገበሬዎች ይቀመጡ። ጣና በዓመት ለአገሪቱ ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጥ፣ ዳርቻው ለጥበቃው ምን ያህል ጉልበት እንደሚያወጣ፣ ፓኪስታንና ሕንድ ምን እንዳደረጉ በቀላል አማርኛ ይጻፉት። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ክልሎች ቋንቋ ይመለስ። ሰነዱ ሲያልቅ አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት አሶሳ፣ ቤንሻንጉል ጉሙዞች ዘንድ፣ ይሂድ። ከጣና የወጣው የበለስ ውሃ የሚወርደው እነሱ ዘንድ ነው፤ ትልቁ ግድብም ያለው እነሱ ዘንድ ነው። በቅርብ ዓመታት በዚያው ክልል መተከል ላይ የፈሰሰው የሁለታችንም ደም ስለሆነ ንግግሩ ቀላል አይሆንም፤ መጀመሪያ ሐዘን መቀመጥ ሊኖርብን ይችላል። እነሱ አንብበው «ይህ የእኛም ነው» ካሉ፣ ወይም «ይህ አንቀጽ አይስማማንም፤ እንዲህ ይስተካከል» ካሉ፣ አስተካክለን ወደ ኦሮሚያና ወደ ደቡብ አብረን እንሄዳለን።